የዚያ ፋሲካ እንግዳዬ

ቤታችን ጊዮርጊስ ጀርባ ነበር። ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት ነው፤ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ጋዜጣ የተለጠፈበት። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ዱቄት በውሃ አፍልቼ ማጣበቂያ እሠራና በአሮጌው ጋዜጣ ላይ አዲሱን እደርብበታለሁ። ፊደል የለየሁትም ከዚያው ግድግዳ ላይ ነው፤ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ባሌ ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት አስተናጋጅ ስለነበር፣ ኬክ ሲቆረጥ የሚተርፈውን ጠርዝና ክሬሙ የፈረሰውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ያመጣልናል። ኬኩን ልጄ ትበላለች፤ እኔ ደግሞ ጋዜጣውን ምድጃው ዳር አድርቄ አነባለሁ። መጀመሪያ የሚያነብልኝ እሱ ነበር፤ እየቆየሁ ግን ለብቻዬ ፊደሉን ከፊደል መግጠም ጀመርኩ። «ሰው ስድስት ኪሎ በፈተና ይገባል፣ አንቺ በኬክ ጠርዝ ልትገቢ ነው» ይለኝ ነበር።

ሀብታም አልነበርንም። ግን ግቢያችን ውስጥ ቧንቧ ነበረ፤ ሌላው ሰው በእንስራ ከሩቅ ሲቀዳ እኔ ከደጄ እቀዳለሁ። ከጣሪያው የተንጠለጠለች አንዲት አምፖል ነበረችን። አማቴ ከኛው ጋር ነበሩ፤ ጤነኛ፣ ሳቂታ፣ ሥራ የማይፈሩ ሴት። ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ጉንጯ ሙሉ፣ ምግብ ስታቀርቡላት ፊቷን የምታዞር ሞልቃቃ። እኔ ደግሞ ማመስገን እወዳለሁ። ጠዋት ቧንቧውን ስከፍት ተመስገን፣ አምፖሏ ስትበራ ተመስገን፣ ምሳ ሲቀርብ ተመስገን። ጎረቤቶቼ ይስቁብኝ ነበር። እኔ ግን ይህን መልካምነት አድርጌ ነበር የምቆጥረው።

ከነዚያ ጋዜጦች በአንዱ ላይ የአንድ ሕፃን ፎቶ ወጥቶ ነበር። ልጁ የኛ አገር ልጅ አይደለም፤ ጦርነት የገባበት ሌላ የአፍሪካ አገር ልጅ ነው። ሆዱ ተነፍቷል፣ የጎድን አጥንቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ ዓይኑ ፎቶ የሚያነሳውን ሰውዬ ያያል። ባሌ ጽሑፉን ሲያነብልኝ አለቀስኩ። ከዚያ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ቆርጬ መሶባችን ከሚቀመጥበት ፊት ለፊት፣ ልክ በልጄ ዓይን ትክክል ለጠፍኩት። ልጄ እንጀራ ስታስተርፍ «ያን ልጅ እዪው፤ አንቺ የጣልሽውን እሱ ቢያገኝ» እላታለሁ። እሷም ዛሬስ በላ ወይ ብላ ትጠይቀኛለች። አንድ ቀን ዞር ብዬ ስመለስ የክሬም ኬክ በጣቷ አንስታ የፎቶውን አፍ ስትቀባ ደረስኩ። አማቴ እስኪያነቡ ሳቁ። የቅባቱ ነጥብ ከዚያ በኋላ አለቀቀም።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያ ፎቶ ምግቤን ያጣፍጥልኝ ነበር። እሱን አየት አድርጌ የልጄን ጉንጭ ሳይ ደስ ይለኛል። ሰው የሌላውን ልጅ ረሃብ እያየ እንደዚህ ሊደሰት እንደሚችል ያን ጊዜ አላሰብኩትም። ስሙን ምስጋና ብዬው ነበር።

ንጉሡ ከዙፋናቸው ሊወርዱ ጥቂት ጊዜ ሲቀር ነው፤ ሁዳዴ ገብቷል። በጊዮርጊስ አጥር ሥር የማናውቃቸው ሰዎች መቀመጥ ጀመሩ። የቤተ ክርስቲያኑን የኔ ቢጤዎች እናውቃቸዋለን፤ የየራሳቸው ቦታ አላቸው፣ ዜማ አላቸው፣ ብትዘገዩባቸው የሚቆጡም አሉ። እነዚህ ግን አይለምኑም። መለመን አያውቁበትም። አጥሩን ተደግፈው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ መሬት መሬት ያያሉ። እጃቸው የገበሬ እጅ ነው። ከሰሜን ነው የመጡት ይባላል፤ ዝናብ ጠፍቶ፣ ከብቱ አልቆ፣ ሰው በመንገድ እየወደቀ ነው ይባላል።

ሬዲዮኑ ስለዚህ ነገር አይናገርም። ባሌ ባመጣልኝ ጋዜጣ ሁሉ ፈለግሁ፤ አንድ መስመር የለም። የሌላ አገር ረሃብ ግድግዳዬ ላይ ተለጥፎ የራሴ አገር ረሃብ የትም አልተጻፈም። ኬክ ቤት የሚመጡ ሰዎች ስለዚህ ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ እንደሚያደርጉ ባሌ ነገረኝ። እኔንም ዝቅ አድርጊ አለኝ።

በሁዳዴ ቅዳሴ የሚወጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ስወጣ በዚያ በኩል አልፋለሁ፤ ዳቦ ወይ ቆሎ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ እሄዳለሁ። ከሁሉም ዓይኔ ያረፈው በአንዲት ሴትና በልጇ ላይ ነበር። ሴትዮዋ በዕድሜ ከኔ ብዙም አትበልጥም፤ እግሯ ግን አብጦ መቆም እንኳ ያስቸግራት ነበር። ልጅቱ ስምንት ዓመቷ ነው አለችኝ። ከኔዋ የስድስት ዓመት ልጅ ታንሳለች። ጸጉሯ ጥቁረቱን ጥሎ ቀላ ብሏል፣ አንገቷ ላይ ያለችው ማተብ ከብዳት የምትጎትታት ትመስላለች። ዳቦውን ስሰጣት በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። ከዚያ ቆረሰችና መጀመሪያ ለእናቷ ሰጠች። ለእሷ ከቀረው ላይ ጥቂት ነከስ አድርጋ የተረፈውን በቀሚሷ ውስጥ ወሸቀችው።

«ጨዋ ልጅ ነው ያሳደግሽው» አልኳት ለእናትየው።

«ኋላ እንዳናጣው ብላ ነው እትዬ» አለችኝ።

በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አወራችኝ። ከቤቷ የወጡት አምስት ሆነው ነበር። ባሏ መንገድ ላይ ቀረ፤ ሁለቱ ወንዶች ልጆቿ በተለያየ ቀን፣ በተለያየ መንደር ዳር ቀሩ። «ቀሩ» ነው የምትለው፣ ሌላ ቃል አትናገርም። አዲስ አበባ ንጉሥ ያለበት ከተማ ነው፣ እዚያ ከደረስን ይቺ አንዷ ትተርፍልኛለች ብላ ነው የመጣችው። ስታወራኝ አታለቅስም። እኔ ግን እቤቴ እየገባሁ አለቅሳለሁ፤ አልቅሼም ስጨርስ ልጄን አቅፌ ተመስገን እላለሁ። ደግሞ ሌላ ነገር አሰብኩ፤ ለፋሲካ ያቺን ልጅ እቤቴ አምጥቼ፣ አጥቤ፣ አልብሼ፣ ከልጄ ጎን አስቀምጬ አጠግባታለሁ አልኩ። ሳምንቱን ሙሉ በዚህ ሐሳብ ደስ ብሎኝ ከረምኩ። ለአማቴ ስነግራቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ልጄ፣ ይህቺ ናት ጾሙን ጾም የምታደርገው» አሉኝ።

የፋሲካ ለት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን እንደ ወጉ ተልባ ጠጣን። የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ከሥጋና ከቅቤ የራቀ ሆድ ድንገት እንዳይደነግጥ መጀመሪያ በተልባ ይለሰልሳል። አማቴ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም። ለባሌ፣ ለኔ፣ ጾም ላልጾመችው ለልጄ እንኳ በስኒ አድርገው «ጠጪ፣ ኋላ ሆዴን እንዳትዪኝ» ብለው አጠጧት።

ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ወደ አጥሩ ሄድኩ። እናትየዋን አብረሽን ነዪ ብላት እግሯን አሳየችኝ፤ ከትናንቱ ብሶባታል። እኔ ከሰዓት በኋላ ምሳሽን ይዤልሽ እመጣለሁ አልኳት። «ለኔስ ዳቦዋ ትበቃኛለች፤ እሷን ይዘዋት ይሂዱ» አለችኝ። የልጇን ጸጉር በመዳፏ ወደ ኋላ መለሰችላትና ሂጂ አለቻት። ልጅቱ ሁለት ጊዜ ዞራ እያየች ተከተለችኝ። እጇን ይዤ ሳያት ጣቶቿ ደረቅና ቀላል ነበሩ፤ እኔ ደግሞ መንገድ ላይ ለሚያገኘኝ ሰው ሁሉ እንኳን አደረሰህ እያልኩ፣ ያመጣኋትን እንግዳ ሰው ባየልኝ እያልኩ እሄዳለሁ።

ሞቅ ባለ ውሃ አጠብኳት። ከቧንቧው ውሃው ሲፈስ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየችው፤ አይቆምም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የልጄን አዲስ ቀሚስ አለበስኳት፤ ትከሻው ላይ አልያዝ ብሎ ወረደባት። ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ልቅሶ ልብሷን ሰጠች። ከዚያ መሶቡ ጋ፣ ከፎቶው በታች አስቀመጥናት። ልጄ ፎቶውን አየች፣ ደግሞ እሷን አየች።

ዶሮው ወጥቷል፣ በጉ ተጠብሷል፣ አይብ አለ፣ ድፎው ተቆርሷል። ባሌም ያን ቀን ጠርዝ ሳይሆን ሙሉ ኬክ ይዞ መጥቷል። ልጅቱ መጀመሪያ ዳቦውን ነው ያነሳችው። ዳቦዋን ቶሎ በላች፣ ሁለት ጉርሻ እንጀራ በወጥ በላች፣ ከዚያ እጇን ሰበሰበችና ቀስ ብላ «በቃኝ» አለች።

እንግዲህ በኛ ቤት እንግዳ በቃኝ ሲል ማን ያምነዋል? እኔ ራሴ ሰው ቤት ሄጄ በቃኝ የምለው ሳልጠግብ ነው፤ እናቴ ያሳደገችኝ እንደዚያ ነው። እንግዳ እምቢ ይላል፣ ባለቤት ይለምናል፤ እንግዳ ይሽኮረመማል፣ ባለቤት በሞቴ ይላል፤ ሁለቱም ሥራቸውን ሲጨርሱ እንግዳው ይበላል። አማቴ ወደ እኔ ዞር ብለው «ይቺ የትልቅ ሰው ልጅ ናት፤ የሰው ቤት ታውቃለች» አሉ። እኔም ደስ አለኝ። የዶሮውን እግር ፈልፍዬ፣ ቅቤው እየተንጠባጠበ፣ «በሞቴ፣ እቺን ብቻ» ብዬ አጎረስኳት። አማቴ እንቁላሉን በወጡ አገላብጠው «አፈር ስሆን» ብለው አጎረሷት። ባሌም ጥብሱን።

«በቃኝ፣ እማማ» አለች ለአማቴ። አሁን አፏን በእጇ ጀርባ ሸፍናለች።

ባሌ ሳቀ፤ ኬክ ቤቱ የኔ ቢሆን ይቺን ልጅ እቀጥራት ነበር፣ አንድ ቁራሽ አትሰርቅም አለ። ሁላችንም ሳቅን። እሷ የምን ሳቅ እንደሆነ ለማወቅ ፊታችንን አንድ በአንድ አየች። እንግዲህ ሳስበው፣ ያቺ ልጅ በሕይወቷ የተነገራትን ሁሉ ታደርግ የነበረች ልጅ ናት። ሂጂ ሲሏት ሄደች፣ ታጠቢ ሲሏት ታጠበች፣ ጉረሺ ሲሏት አፏን ከፈተች።

በመጨረሻ የኔዋ ተነሳች። ልጄ ለሰው አጉርሳ አታውቅም፤ እሷ ነበረች በልመና የምትበላው። ከኬኩ ላይ ክሬም የበዛበትን ቆርሳ፣ እንደ ትልቅ ሰው ግራ እጇን ከሥር ደግፋ፣ ወደ ልጅቱ አፍ ወሰደች። ልጅቱ ራሷን ወደ ኋላ አደረገች። «በቃኝ» አለች ለሦስተኛ ጊዜ፤ ዓይኗ ውስጥ ውሃ ሞልቷል። እኔ ግን ውሃውን ያየሁት የደስታ አድርጌ ነው። ልጄ ድምፅዋን እንደኔ አወፍራ «በሞቴ» አለቻት። ልጅቱ አፏን ከፈተች፣ ጎረሰች፣ ብዙ ጊዜ ወስዶባት ዋጠች።

ከዚያ እዚያው ጋደም አለች። ጥጋብ ነው አልን። ጋቢ አለበስኳትና ለእናቷ ዳቦና ወጥ በሰሃን ይዤ ሄድኩ። እናትየዋ ወጡን አጠገቧ ላሉት አካፍላ እሷ ዳቦዋን ብቻ አስቀረች። «ልጄ ምን ሆነች?» አለችኝ። በልታ፣ ጠግባ፣ ተኝታለች አልኳት። ሴትዮዋ ዓይኗን ጨፍና ራሷን አጥሩ ላይ አሳረፈች። እንደዚያ ያረፈ ፊት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

ስመለስ ልጅቱ ሆዷን ይዛ ተጠቅልላለች። ያስታውካታል፣ ያስቀምጣታል። አማቴ ዳማከሴ ጨምቀው ሰጧት፣ ጠበል ረጩባት። ዓይን ነው፣ ስናመጣት መንገድ ላይ ያየን ሰው ነው አሉ። ላቧ ቀዝቃዛ ነው። ይቅርታ ትለኛለች፤ ጋቢያችሁን አበላሸሁት ትለኛለች። አትጨነቂ፣ ይታጠባል እላታለሁ። ልጄ በር ላይ ቆማ ታየናለች። ሲነጋ ባሌ ሴቼንቶ ታክሲ ጠርቶ ጋቢ ውስጥ ጠቅልለን ሐኪም ቤት ወሰድናት።

የተቀበለን ዕድሜው የገፋ ሐኪም ነው። ልጅቱን ገልጦ አየ፣ ዓይኗን ገለበጠ፣ መርፌ አዘዘ። ከዚያ ወደ ኔ መጥቶ፣ ከየት እንደመጣች ጠይቆኝ ሲያበቃ፣ «ልጄ፣ ትናንት ምን በላች?» አለኝ። ነገርኩት። ዳቦ፣ ዶሮ፣ እንቁላል፣ ጥብስ፣ አይብ፣ ኬክ። ስጀምር ጥሩ ነገር ማብላቴን እንዲያውቅልኝ ፈልጌ ነበር። እየቆጠርኩ ስሄድ ግን እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እንዲህ ለብዙ ጊዜ የተራበ ልጅ እንደ አራስ ሕፃን ነው የሚያዘው አለኝ፤ ስኳር ያለበት ውሃ፣ የቀጠነ ወተት፣ በማንኪያ፣ ሰዓት እየጠበቁ፣ ለብዙ ቀን። አንጀቱ ቅቤና ሥጋ አይችልም፣ ልቡም አይችልም አለኝ። «ክፉ አስባችሁ አይደለም። ሰሞኑን እንዲህ ሆኖ የመጣ አይቻለሁ፤ የሚያመጧቸው ደጋግ ሰዎች ናቸው» አለኝ።

እዚያ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ተልባው ትዝ አለኝ። እኛ ሃምሳ አምስት ቀን ሽሮና ጎመን፣ ምስርና ሱፍ እየበላን ጾምን አልን፤ ያም ሆኖ ለሆዳችን ተጠነቀቅንለት። ያልጾመች ልጄ እንኳ በስኒ ተሰጣት። ከሁላችን የባሰ የጾመችውን አንዲት ስኒ ተልባ እንኳ የሰጣት የለም። ተልባ ያድናት ነበር አልልም፤ ሐኪሙም አላለኝም። አላሰብናትም ነው የምለው። እንዲህ ያለ ጾም ከጾማችን ጋር የሚቆጠር አልመሰለንም።

ሰኞ ለእናትየዋ ትንሽ አሟት ሐኪም ቤት ናት ብዬ ነገርኳት። ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመነሳት ሞከረች፤ እግሯ አልታዘዝ አላት። «እርስዎ አሉላት፤ ምን ትሆንብኛለች» አለችኝ፣ መልሳ እየተቀመጠች። እኔ ወደ ሐኪም ቤት ተመለስኩ። ማክሰኞ ጠዋት ልጅቱ ሞተች። እጇን ይዣት ነበር።

የእድራችን ዳኛ ምንሽ ናት ብሎ ጠየቀኝ፤ ዘመድ ላልሆነ ሰው እድር አይወጣም። እንግዳዬ ናት አልኩት። እሱም ሰው አዘዘልኝ። እናትየዋን ባሌ በታክሲ አምጥቷት ነበር፤ ነገሩን የነገራትም እሱ ነው፤ እኔ አልቻልኩም። በመንገድ ደክማ ነው የመጣችው፣ ሰውነቷ አልቻለውም አላት። ጉለሌ ስንቀብራት እናትየዋ በሁለት ሰው ተደግፋ ቆማለች። እዚያም አላለቀሰችም። ለሁለቱ ልጆቿ አፈር ያለበሳቸው ሰው እንደሌለ፣ ለዚህችኛዋ ግን ቄስ ፍትሐት እንደፈታላት ለባሌ ነገረችው።

ሦስት ቀን እኛ ቤት ተቀመጠች። ጎረቤት መጥቶ ያጽናናት ነበር፤ የማያውቋትን ልጅ እያለቀሱ። ያን ፎቶ ከግድግዳው ላይ ልልጠው ሞከርኩ፤ የራሴ ማጣበቂያ ጠንክሮ አለቀቀኝም፣ ሌላ ጋዜጣ ደረብኩበት። ልጄ ምግብ ሲቀርብ ፊቷን ማዞር ተወች። የሰጠናትን ሁሉ ዝም ብላ ትበላለች፣ በቃኝም አትልም፤ እኔ ሰሃኑን ካላነሳሁ አታቆምም ነበር። ከዚያ ፋሲካ ወዲህ ዕድሜ ልኳን ለሰው አጉርሳ አታውቅም። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም፤ እሷም ሐኪሙ ያለኝን አልሰማችም፤ ግን ልጆች ሳይነገራቸው የሚያውቁት ነገር አለ።

በአራተኛው ቀን ሴትዮዋ ወደ አጥሩ መልሱኝ አለች፤ የአገሯ ሰዎች እዚያ ናቸው። እዚሁ ሁኚ ብዬ ለመንኳት፤ እምቢ አለችኝ። የርሷን እምቢታ አመንኩ። በሳምንቱ ከቅዳሴ ስወጣ አጥሩ ሥር ማንም የለም፤ በጭነት መኪና ጭነው ወሰዷቸው፣ ወደየአገራቸው ነው ይላሉ አለኝ የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ። ወደ የትኛው አገር፣ ምን ወዳለበት እንደሆነ አላወቀም። ወጥቼ ወርጄ ጠየቅሁ፤ የሚያውቅም የሚነግረኝም አጣሁ። በመኪናው ላይ ተሳፍራ እንደነበር እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም።

ዛሬ በቴሌቪዥን የየአገሩን የተራቡ ልጆች ያሳያሉ። ፎቶ ብቻ አይደለም አሁን፤ ሲያለቅሱ ድምፃቸውም ይሰማል። ቤት የመጣ ሰው እያየ «እኛስ ተመስገን ነው» ይላል። እኔ አልመልስለትም። ውሃው ከቧንቧ ሲመጣ አሁንም ደስ ይለኛል፤ ደስ አይለኝም ብል ውሸት ነው። ግን አፌ ላይ የነበረው ቃል ሄዷል። በዚያች ልጅ ፈንታ የኔዋ ስለተረፈች ነው የማመሰግነው? ልጄን የሰጠኝ ያችኛዋን ለምን እንደነሳት አላውቅም።

ሴትዮዋ ከቤታችን ከመሄዷ በፊት በነበረው ቀን፣ ጎረቤቶች ወጥተው፣ ባሌ ሥራ ሄዶ፣ አማቴ ልጄን ይዘው ገበያ ወርደው፣ እሷና እኔ ብቻ ቀረን። ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች፤ እግሯን በሞቀ ውሃ እያጠብኩላት ነበር።

«እትዬ» አለችኝ፣ «ልጄ በፋሲካ ምን ምን በላች?»

እጄ ውሃው ውስጥ ቆመ። ያወቀች መሰለኝ። ቀና ብዬ ሳያት ግን ፊቷ ላይ የጠያቂ ፊት አልነበረም። ተረት እንዲነገረው የሚጠብቅ ሰው ነበር የምትመስለው። ልነግራት የሚገባኝ ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ሐኪሙ ያለኝን፣ እኔ ያደረግሁትን። ከነገርኳት ያቺ አንዲት የቀረቻት የልጇ የጥጋብ ቀን ትወሰድባታለች፤ ካልነገርኳት እኔ ዕድሜ ልኬን ከሷ ምርቃት ጋር እኖራለሁ።

«መጀመሪያ ዳቦ በላች» አልኳት።

«ድፎ?»

«ድፎ፤ ጥቁር አዝሙድ ያለበት። ከዚያ ዶሮ በቅቤ።»

«ከዚያስ?»

ወሬ ማሳመር እወዳለሁ፤ የሚያውቁኝ ሁሉ ይህን ያውቃሉ። እንቁላሉን ነገርኳት፣ ጥብሱን ነገርኳት፣ ኬኩን ምን እንደሚመስል ነገርኳት፤ ኬክ አይታ አታውቅም ነበር። ልጄ ስታጎርሳት ልጅቱ ሳቀች አልኳት። አልሳቀችም ነበር። ሳቀች ወይ አለችኝ፤ ሳቀች አልኳት። ድምፅ አውጥታ ነው ወይ አለችኝ፤ አዎ አልኳት።

«ከተወለደች ጀምሮ በቃሽ የምላት እኔ ነኝ» አለችኝ። «ለወንድሞችሽ ይቅር፣ ለነገ ይቅር፣ በቃሽ። እሷ ራሷ ብላው አታውቅም። እርስዎ ዘንድ በቃኝ አለች?»

«አለች» አልኳት።

«ስንት ጊዜ?»

«ሦስት ጊዜ።»

ደጋግማ ለራሷ «ሦስት ጊዜ» አለች። ከዚያ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ መረቀችኝ፤ «ልጄን እንዳጠገቡልኝ እግዜር ይስጥልኝ፤ የርስዎን ያሳድግልዎ» አለችኝ።

እግሯ እጄ ውስጥ ነበር። አሜን አልኩ።